ቅቤ ያልገባበት የባቄላ ወጥ

ሊይዙኝ ሲመጡ ወጥ እየሠራሁ ነበር። ወሩ ጥቅምት፣ ዕለቱ ሰኞ፣ ጊዜው ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቄ ከትፌ ያለ ዘይት አቁላልቼዋለሁ። ከዚያ የኑግ ዘይት ጨምሬ፣ በርበሬውን ውሃ ጠብ እያደረግሁ ጥሬ ሽታው እስኪለቀው ድረስ አብስዬዋለሁ። የባቄላው ክክ ከገባ ቆየት ብሎ መፍረስ ጀምሯል፤ ወጡ ወፈር ብሎ ትክትክ ይላል። ወጥ ስሠራ ልቤ ድስቱ ውስጥ ስለሆነ የሰዎቹን ኮቴ አልሰማሁም።

በማማሰያው ጫፍ ትንሽ አነሣሁና መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ላስኩት። ጨው ጎድሎታል። ቀና ስል ሻምበሉ የማድቤቱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ከኋላው ጠመንጃ የያዙ ፖሊሶች አሉ።

ሻምበሉን በደንብ አውቀዋለሁ። ባሌ በጠላት ዘመን ሞቶብኝ፣ ቁስቋም ሥር ጠላ እየሸጥኩ የምኖር ሴት ነበርኩ፤ ፖሊሶቹም ደንበኞቼ ነበሩ። ሻምበሉ የቄስ ልጅ ነው። ዳዊት ደግሞ፣ ድቁና ተቀብሎ፣ ኋላ ሁሉንም ጥሎ ጠመንጃ ያነሣ ሰው ነው። ሲሰክር ቅኔ ይዘርፋል፣ ሳይሰክር ሰው ይገርፋል። በዋዜማው፣ እሁድ ዕለት፣ ቤቴ ተቀምጦ ዶሮ ሲበላ በገዛ እጁ ጠቅልሎ አጉርሶኝ ነበር።

«ምን ሠራሽልን?» አለ እየሳቀ።

«የባቄላ ወጥ ነዋ ጌታዬ። ለእርስዎ የሚሆን አይደለም።»

ማማሰያውን ከእጄ ወሰደና በጣቱ ነካ አድርጎ ቀመሰ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ዘይት ነው» አለ።

«ዘይት ነው።»

«ዛሬ ሰኞ ነው፤ ነገም ማክሰኞ። በዚህ ቤት ማን ጾሞ ነው ወጡ ቅቤ ያጣው?»

እዚህ ላይ ነገሩን ላስረዳ። ያን ጊዜ ወሩ ጽጌ ነበር። የጽጌን ጾም እንደ ሁዳዴ ሁሉም ሰው አይጾመውም፤ መነኮሳትና ፈቃዳቸው የሆነ ሰዎች ናቸው የሚጾሙት። እኔ ደግሞ ፈቃዴ ሆኖ አያውቅም ነበር። ሁዳዴን ጾሜ፣ ፍልሰታን ጾሜ፣ ረቡዕና ዓርብን ጾሜ፣ በተረፈው ጊዜ ደህና አድርጌ ቅቤዬን የምበላ ሰው ነኝ። ያ ወጥ የተሠራው ለአንድ መነኩሴ ነበር።

መነኩሴው ከዛሪማ በላይ ካለው አገሬ የመጡ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የነፍስ አባቴ የነበሩ ሰው ናቸው። መሬት ለካኞች ገመድ ይዘው አገራችን በገቡ ጊዜ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው «የአባቶቻችሁን ርስት በገመድ አታስለኩ» አሉ። ሕዝቡም ሰማቸው። በማግስቱ ገመዱ ተበጣጠሰ፣ ተኩስም ተከፈተ፣ ሰውም ሞተ። መንግሥት የተኮሰውን ትቶ የተናገረውን ይፈልግ ጀመር። እሳቸው በእግራቸው ተራራውን አቋርጠው ጎንደር ገቡና ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሥር ከቆሎ ተማሪዎቹ ጎጆ ተጠጉ። የተማሪ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው ከተማሪው ጋር ሲቀመጡ ማንም ልብ አይላቸውም፤ ሽበት ያወጣ ተማሪ በኛ አገር ብርቅ አይደለም። የሚበሉት በቀን አንድ ጊዜ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ምግባቸውን እኔ ነበርኩ የማደርስላቸው። ደረቅ ቁራሽ ብቻ ይበቃኛል ይሉኝ ነበር፤ እኔ ግን አይሆንም አልኩ። ያን ሁሉ ተራራ የወጣ ሽማግሌ ትኩስ ወጥ ይገባዋል ብዬ ነው። ወጤንም የሚወዱት በርበሬው በዝቶ፣ ዓይን እንባ እስኪያቀር ድረስ ሲያቃጥል ነበር።

እና ሻምበሉ ማን ጾሞ ነው ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁ።

«እኔ ነኛ! ጽጌን ይዣለሁ።»

«ትናንት ከእጄ ዶሮ ጎርሰሻል።»

«ማታ ተሳልኩ፤ ዛሬ ጀመርኩ።»

«ዛሬ ጀመርሽ።» ማማሰያውን ወደ መዳፌ ቀሰረ። «አሁን ታዲያ ከመዳፍሽ ላይ የላስሽው ምንድን ነው?»

ወሽመጤ ብጥስ አለ። ጾመኛ ሴት ሰዓቱ ሳይደርስ ወጥ አትቀምስም፤ ጨው የሚቀምስላት ሕፃን ወይም የማይጾም ሰው ትጠራለች። ይህን የቄስ ልጅ ይስተዋል? ረሳሁት አልኩ። ከዚያ ደግሞ ለጠጪ ነው የሠራሁት አልኩ። «የአንቺ ጠጪዎች እኛ ነን» አለኝና ትኩሱን ማማሰያ ጉንጬ ላይ አሳረፈው። ከነወጡ ነበር። ቆዳዬ ሲንጨረጨር ሰማሁት።

«መነኩሴው የት ነው?»

«የምን መነኩሴ?» አልኩ። ከአገሬ የመጣው መነኩሴ እኔን ሳይጠጋ እንደማይቀር ጥቆማ ደርሶት ኖሯል።

አንዱ ፖሊስ በጠመንጃው ሰደፍ ድስቱን መታው። ሸክላው ለሁለት ተከፈለና ወጡ ምድጃው ላይ ፈሰሰ፤ የተቃጠለ በርበሬ ጭስ ማድቤቱን ሞላው። ሁላችንም እያሳልን ወጣን። እጄን ወደ ኋላ አስረው፣ ጎረቤቴ ሁሉ በየደጁ ቆሞ እያየ፣ ቁልቁል ነዱኝ።

ጣቢያው ጣሊያን የሠራው ቤት ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ብረት። የሴቶቹ ክፍል ድሮ የማኪና ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ይመስለኛል፤ ግድግዳው ናፍጣ ናፍጣ ይላል፣ ወለሉ ላይ የዘይት ጥቁረት አለ። መስኮቱ ከራስ በላይ ያለች የእጅ ማስገቢያ ቀዳዳ ናት። ከእኔ ሌላ ጥቂት ሴቶች ነበሩ። አጠገቤ የነበረችው የደጋ ገበሬ ሚስት ናት። ባሏ ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ስለገባ፣ እሱ እጁን እስኪሰጥ ብለው እሷን አስረዋት ነበር። ጉንጬን ስታይ ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና በውሃ ነክራ ለጠፈችልኝ።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ገረፉኝ። ገራፊው ሁሉም አያ የሚለው ሽማግሌ ፖሊስ ነበር፤ የያዘው የጉማሬ አለንጋ ነው። ሻምበሉ ወንበር አስመጥቶ ተቀመጠ።

«ያን መዳፏን ዘርጉት» አለ። «የመሰከረባት እሱ ነው፤ ከእሱ እንጀምር።»

ሁለት ፖሊሶች እጄን ጠረጴዛ ላይ ይዘው ዘረጉት። አያ መታ። መጀመሪያ ሲያርፍ ድምፁ እንጂ ሕመሙ አይሰማም፤ ሕመሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው፣ ሲመጣ ግን ክንድ ይዞ እስከ ጥርስ ይወጣል። መዳፌ ተሰነጠቀ። ከዚያ ሌላውን እጄን መቱ፣ ከዚያ አጋድመው ውስጥ እግሬን። ጮኼያለሁ። ድምፄን ዋጥኩ ብዬ አልዋሽም፤ እንደ ጥጃ ነው የጮኽሁት። አያ እየገረፈ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ይጸልይ ይሆን ይራገም አላውቅም።

«መነኩሴው የት ነው?»

«እኔ ነኝ ጾመኛዋ።»

ሌላ ነገር እንዳልናገር ያችን ብቻ ያዝኩ። ብዙ ቃል ካወጣሁ አንዱ እንደሚያመልጠኝ አውቄአለሁ፤ ወሬኛነቴን ጎንደር ሁሉ ያውቀዋል።

ፖሊሶቹ ቁስቋምን ቤት ለቤት በረበሩ። የተማሪዎቹን ጎጆዎች ሳይቀር ገለበጡ፤ ጎጆ አቃጠሉ፣ ተማሪም ደበደቡ። ይህን ኋላ ነው የሰማሁት። አባ ደበሏቸውን ተከናንበው ከተማሪዎቹ ጋር ዳዊት ሲያነበንቡ ፖሊሱ በሰደፍ ጎሸም አድርጎ አልፏቸው ሄደ።

ሻምበሉ ባዶ እጁን ሲመለስ መጠራጠር ጀመረ። ምናልባት ሴትዮዋ እውነቷን ይሆን? እኔን የሚፈትንበትም ዘዴ አላጣም። እህቴ በየቀኑ በሩ ድረስ የምታመጣልኝን የጾም ምግብ ፖሊሶቹ ይቀበሏትና ራሳቸው ይበሉታል። ለእኔ ቅቤ የፈሰሰበት ወጥ ወይም ሥጋ ፊቴ ያስቀምጡና ይሄዳሉ። ተመልሰው መጥተው ያያሉ። እንዳለ ያገኙታል። ሻምበሉም ይጠራኝና ያስገርፈኛል።

ረኀብ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ጠላ ሻጭ ተርቦ አያውቅም፤ ሌላው ቢጠፋ ድፍድፍ አለ። የቅቤው ሽታ በዚያ በናፍጣ ቤት ውስጥ ሲሞላ ዓይኔ ይዞራል። የደጋዋ ሴት አንድ ቀን ሳህኑን ወደኔ ገፋ አደረገችው።

«ምነው እቴ፣ ብትበይው? የታሰረ ሰው እኮ ጾም አይጠየቅም።»

«ስእለት ነው።»

ጠጋ ብላ ጆሮዬ ላይ «ስእለትሽ ጺም አለው?» አለችኝ።

ከታሰርኩ ወዲህ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሳቅሁት። ጉንጬ ላይ ያለው ቁስል እስኪፈነዳ ድረስ ሳቅሁ፤ ሳቄም ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እሷ ከመቀነቷ ውስጥ ጭብጥ የምትሞላ ቆሎ አውጥታ መዳፌ ቆስሏልና አፌ ውስጥ አደረገችልኝ።

«አልነገርሽኝም፣ አልሰማሁሽም» አለች። «አላምጪ።»

ከዚያ ወዲህ ከእሷ ቆሎ ጥቂት ጥቂት እየቀመስኩ ቆየሁ። እህሉ የሷም ስንቅ ነበር። ሸጋ ሴት ነበረች፤ አሁን የት እንዳለች አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እስረኛውን ሁሉ ወደ ግቢው አወጡት። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን ፀሐይ ላይ ተቀመጠ። መሀል ላይ ጉልቻ ተጎልቶ እሳት ነዷል። የብረት ድስት፣ በርጩማ፣ እንጀራ ያለበት መሶብ፣ የሽንኩርት ክምር፣ የታጠበ ክክ አለ። በርበሬው ከገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ቅሌ የመጣ ነው፤ ቀለሙን አይቼ አወቅሁት። ሻምበሉ ወንበሩ ላይ ሆኖ በእጁ አሳየኝ።

«ያን የሰኞውን ወጥ ሥሪ።»

«እጄ ቆስሏል ጌታዬ።»

«ሥሪ። ስትጨርሺ ቅቤውን እኔ እጨምርበታለሁ፤ አንቺ ትበያለሽ። ከበላሽ ጾመኛዋ አንቺ አይደለሽም፤ ሰውየው ቁስቋም አለ ማለት ነው፤ እያንዳንዷን ጎጆ አቃጥዬ አወጣዋለሁ። ካልበላሽ ግን እውነትሽን ነው፤ ሰውየው ወደ ሱዳን እያመለጠ ነው ማለት ነው፤ ፖሊሶቼን ወደ ጭልጋ መንገድ እሰዳለሁ። ግን አለመብላትሽን በአፍሽ አላምንም፤ በጅራፍ ነው የማየው።»

ቢላዋ ሰጡኝ። ጣቴ አልታጠፍ ስላለ ሽንኩርቱን በእጄ አንጓ ይዤ ከተፍኩት። የሽንኩርቱ ውሃ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ዓይኔ ጨለመ። በርበሬውን ስነካማ፣ መዳፌ ላይ ፍም ያስቀመጡብኝ መሰለኝ። ፖሊሶቹ ዙሪያዬን ቆመው ያያሉ።

አንድ ነገር ልናገር። ያን ወጥ ላበላሸው እችል ነበር። በርበሬውን ሳላበስል ክኩን ብጨምረው፣ ሽንኩርቱን ባሳርረው፣ ማን ይጠይቀኛል? አልቻልኩም። እጄ እየደማ ሽንኩርቱን እስኪቀላ ድረስ አቁላላሁት፣ ዘይቱን አስከትዬ በርበሬውን ጠብ ጠብ እያደረግሁ አሸሁት፣ ነጭ ሽንኩርቱን ጨመርኩ፣ ውሃው ሲፈላ ክኩን አስገባሁ፣ እስኪፈርስም ቁጭ ብዬ አማሰልኩ። ሙያዬ ወጥ ነው። ሊደበድበኝ የተቀመጠ ሰው ፊት እንኳ መጥፎ ወጥ መሥራት ውርደት ሆነብኝ። ጨው ስጨምር አልቀመስኩም፤ በዓይኔ ገምቼ በተንሁ። ሻምበሉ ይህን አየ፤ ልብ ማለቱን ከፊቱ አወቅሁ።

ከዚያ ተነሥቶ ንጥር ቅቤ በጭልፋ እየቀዳ ጨመረበት። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ወጡ እስኪሸፈን ድረስ። ሽታው ግቢውን ሞላው። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሲያቃስት ሰማሁ። እኔም ምራቄ ሞላ።

«ብዪ።»

«ጾመኛ ነኝ።»

በርጩማው ላይ እንዳለሁ አያ ጀርባዬን መታኝ። ደገመ። ቀሚሴ ቆዳዬ ላይ ተጣበቀ።

«ብዪ።»

«ጾመኛ ነኝ።»

ሻምበሉ እንጀራ ቆርሶ ከድስቱ አጠቀሰና ትኩሱን ጉርሻ ወደ አያ ዘረጋው። «አፏን ፈልቅቀህ አጉርሳት» አለው።

አያ አለንጋውን ዝቅ አደረገ። ጉርሻውን አልተቀበለም።

«ጌታዬ፣ ግረፍ ብለውኛል፤ ገርፌያለሁ። ጿሚ ግን አላስገድፍም። እኔም ሞት አለብኝ።»

ሻምበሉ ጉርሻውን ጥሎ በሽጉጡ እጀታ አያን አፉ ላይ መታው። ሽማግሌው በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ደሙንና ጥርሱን በአንድ ላይ ተፋ። ሻምበሉ በእርግጫ ጎኑን መታው፣ ደገመው፣ ከትከሻው ላይ ማዕረጉን ገንጥሎ እሳት ውስጥ ወረወረው። ከፖሊሶቹ አንድም የተንቀሳቀሰ የለም። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ጸጉሬን ይዞ አንገቴን ወደ ኋላ ቀለበሰው፣ ከድስቱ በጭልፋ ቀዳና አፌ ላይ ደፋው። ጥርሴን ነክሼ ነበር። ወጡ ከንፈሬን፣ አገጬን፣ አንገቴን እየላጠ ወረደ። ጭልፋውን ጥርሴ መሀል አስገብቶ ሲፈለቅቅ አንዱ የፊት ጥርሴ ተሰበረ። ትዝ የሚለኝ ሰማዩ ነው፤ አንዲት ደመና እንኳ አልነበረችበትም።

ያን ጊዜ ከበሩ በኩል «ልቀቃት!» የሚል ድምፅ መጣ።

የበሩ ዘበኛ ሊመልሳቸው ይታገላል፤ እሳቸው ግን ገቡ። ደበሏቸውን ጥለው ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ቆባቸውን አድርገዋል፣ መስቀላቸውን ይዘዋል። መነኩሴነታቸውን ሳይደብቁ ነው የመጡት። እህቴ የበሩን ወሬ በየቀኑ ለተማሪዎቹ ስትነግር ኖሮ፣ ያን ዕለት ተማሪ እየሮጠ ሄዶ ወጥ እያሠሯት ነው ብሎ ነግሯቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ ልቀቃት» አሉት ሻምበሉን። «ጾሙ የእኔ ነው።»

ሻምበሉ ጸጉሬን ለቀቀው። አንድ ነገር አይቻለሁ፤ እምላለሁ አይቻለሁ። መስቀሉን ሲያይ አንገቱ ሊጎነበስ ጀመረ። እንደ ልጅነቱ ሊሳለም ነበር። ከዚያ ራሱን ያዘና በቡጢ ደረታቸውን መታ። አባ ወደቁ። ፖሊሶቹም እሳቸው ላይ ሰፈሩ። አያ ሲመታ ያልተንቀሳቀሰው ሁሉ ጀግንነቱን ያሳየው ያን ጊዜ ነው። በሰደፍ መቷቸው፣ ጺማቸውን ይዘው ጎተቷቸው፣ ቆባቸው በአቧራው ላይ ተንከባለለች።

«ምነው አባ!» ብዬ ጮኽሁ። «ምነው! ማን ና አለዎት? ማን ጠራዎት?» የተቃጠለ አፌ ቃል አልወጣው ስላለ እንደ ዲዳ ነበር የምጮኸው። ገላዬ ሁሉ በንዴት ነደደ። ሻምበሉ ሳይሆን እሳቸው ናቸው ያናደዱኝ። ትንሽ ቢቆዩ ፖሊሱ ወደ ጭልጋ መንገድ ይሄድ ነበር። ትንሽ ብቻ ነበር የቀረኝ።

አባ ከመሬት ላይ ሆነው ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። አንደኛው ዓይናቸው አብጦ ተከድኗል።

«ጾሜን ጾምሽልኝ» አሉኝ። «ግርፋቴን ግን አትገረፊልኝም ልጄ።»

ጎትተው ወደ ወንዶቹ ክፍል ወሰዷቸው። የብረቱ በር ተዘጋ። ሻምበሉ ላቡን ጠረገ። ደስ ብሎታል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ያ የጠላ ቤቴ ሰውዬ ይሆናል። ድስቱን በእግሩ ወደኔ ገፋ አደረገው።

«በቃ፣ አለቀ» አለኝ። «ውሸትሽም ጾምሽም አለቀ። ብዪና ወደ ቤትሽ ሂጂ። ወጡ እንደሆነ ግሩም ነው።»

ወጡ ገና ይጨሳል። ቅቤው ጠርዙ ላይ ቢጫ ሆኖ ረግቷል። የምከላከልለት ሰው ተይዟል፤ ብበላ ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም። ሆዴ በጩኸት ይለምነኝ ነበር። እኔ ግን ለሰውየው ስበላ የማየትን ደስታ እንኳ ልሰጠው አልፈለግሁም።

«ጾመኛ ነኝ ብዬዎታለሁ።»

«አሁን ለማን ብለሽ?»

መሬት የወደቀውን ጭልፋ አንሥቼ በቀሚሴ ጠረግሁት። መሶቡን ወደ እኔ ሳብኩና እንጀራው ላይ ወጥ ማውጣት ጀመርኩ። መጀመሪያ ለአያ ነበር። ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፎ በመሐረብ አፉን ይዟል።

«ብላ አያ» አልኩት። «ለስላሳውን፣ የፈረሰውን ወገን ነው ያወጣሁልህ።»

አየኝ። የገረፈኝን እጁን አየ። ከዚያ ጥርሱ በረገፈ አፉ በላ። ቀጥዬ ለሴቶቹ፣ ከዚያ ለወንዶቹ እየዞርኩ አደረስኩ። እግሬ ስለቆሰለ በዳዴና በእንብርክክ ነበር የምዞረው። የደጋዋ ሴት ስትጎርስ እንባዋ ወረደ፤ በርበሬው ነው አለች። ሻምበሉ ሊከለክለኝ አፉን ከፈተና ተወው። ድስቱ ባዶ እስኪሆን ድረስ ተቀምጦ አየን፣ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቢሮው ገባ።

ወደ ቤቴ አላሰናበተኝም። ጾመኛ ከሆንሽ እዚሁ ጨርሺው አለ። ጨረስኩት። እህቴ የምታመጣው ምግብ ከዚያ ወዲህ ሳይነካ ይደርሰኝ ጀመር፤ አያ ማዕረጉን ተገፎ በር ጠባቂ ሆኖ ነበርና ማንንም አያስነካም። ጽጌ ወጥቶ የቁስቋም በዓል ሲደርስ፣ የቤተ ክርስቲያኔ ከበሮ እስከዚያች ቀዳዳ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ከበዓሉ በኋላ ፈቱኝ።

አባን ግን ከተያዙ በማግስቱ ነው የወሰዷቸው። እጃቸውን አስረው ክፍት ማኪና ላይ ሲጭኗቸው በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ጺማቸውን ላጭተዋቸው ስለነበር መጀመሪያ አላወቅኋቸውም። ማኪናዋ በጠዳ በኩል ወደ ታች ሄደች። ከዚያ ወዲያ አንዱ በመንገድ ሞቱ ይላል፣ አንዱ አዲስ አበባ ወህኒ ቤት ብዙ ኖሩ ይላል። መቃብራቸውን አየሁ የሚል ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አሁን አርጅቻለሁ። መዳፌ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ሊጥ ለማቡካት ግን ይበቃል። የአገሬ ሰዎች አልፎ አልፎ ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ስለ እሳቸው ይጠይቁኛል። ሰማዕት ናቸው ይላሉ፣ ስማቸውን ለልጆቻቸው ያወጣሉ፤ አንድ ወጣት ቄስ ደግሞ «እማማ፣ እኮ እርስዎን ለማዳን ነው የመጡት፤ እንዴት ደስ አይልዎትም?» አለኝ። ምን ልበለው? ደስ አይለኝም። ቁጣዬ አልበረደም። ያን በር አልፈው ባይገቡ ኖሮ ምን ነበር እያልኩ ዛሬም ከእሳቸው ጋር ብቻዬን እሟገታለሁ። ሰማዕት ናቸው ካሉ ይሁን፣ አልከራከርም። እኔ ግን ያን ወጥ የሠራሁት ተርበው ነበርና እንዲበሉ ነው። በልተው፣ ጉልበት አግኝተው፣ እንዲኖሩ ነው።